ናሙና ተቀባይዋ እትዬ እልፍነሽ

እትዬ እልፍነሽ የተቀበሩ ዕለት ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ቅናት ነው። እንዲህ ብሎ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስለ እሳቸው ልጽፍ ከተነሣሁ አይቀር እውነቱን ብጽፍ ይሻላል።

ቀብሩ ላይ የብሎካችን ነዋሪዎችና የዕድሩ ሰዎች እንደሚመጡ ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅሁት በሁለት ሚኒባስ ተጭነው የመጡትን ሽማግሌዎች ነው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ናቸው። ዕድሜያቸውን በየበረሃው ድንጋይ ሲያነሡ የኖሩ የማዕድን ባለሙያዎች መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ከመካከላቸው ሌሎቹ "ዶክተር" የሚሉት አንዱ ጥቂት ቃል ልናገር አለ። በስሙ ያሳተመው ጥናት ሁሉ መጀመሪያ በእኚህ ሴት እጅ ማለፉን፣ እሳቸው ያሸጉትን ከረጢት ተጠራጥሮ የሚያውቅ ባለሙያ እንደሌለ ተናገረ። ንግግሩን መጨረስ ግን አልቻለም፤ በመሐረቡ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በእጄ ያለፈው ተማሪ ተቆጥሮ አያልቅም። እዚያ ቆሜ ሳስብ የነበረው ግን ስለ ሟቿ አልነበረም። እኔ ስሞት እንዲህ ብሎ የሚያለቅስልኝ ማን ይመጣል እያልኩ ነበር።

እትዬ እልፍነሽ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኛ በር ሁለት በር አልፎ፣ ከእህታቸው ልጅ ከሰናይት ጋር ይኖሩ ነበር። ባላቸው በወጣትነታቸው ሞቶባቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የመንግሥት የማዕድን ቤተ ሙከራ ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። የተቀጠሩት በጽዳት ነበር። አንድ ቀን ወለል ሲወለውሉ የሁለት የናሙና ከረጢቶች መለያ ወረቀት መቀያየሩን አዩና ለኃላፊው ነገሩት። እሱም አጣራ፤ እውነት ሆኖ ተገኘ። በወሩ መጥረጊያውን አስጥለው ናሙና ክፍል አስገቧቸው። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ባለሙያዎቹ ከመስክ የሚያመጡትን ድንጋይና አፈር መቀበል፣ መመዝገብ፣ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ መንፋት፣ መልሶም ማሸግ ሆነ።

ወርቅ አያደርጉም ነበር። የጋብቻ ቀለበታቸውን ሳይቀር ያወለቁት ናሙና ክፍል የገቡ ሰሞን ነው። ወርቅ የሚፈለግበት ድንጋይ ላይ ቀለበትሽ ከተፋተገ፣ ከጣትሽ በረገፈ ወርቅ ሰው ተሳስቶ ተራራ ይቆፍራል ብለው ባለሙያዎቹ ነግረዋቸው ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሠርግ ሲጠሩ ጆሯቸውም ጣታቸውም ባዶ ነው። የብሎካችን ሴቶች ግማሾቹ ድህነት ነው፣ ግማሾቹ ስስት ነው ይሉ ነበር። እሳቸው ሲጠየቁ "እጄ ለምዷል" ብለው ያልፉታል።

ሰው ሲያወራቸው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ቀስ እያደረጉ ያፋትጋሉ፤ የዱቄት ልመት የሚፈትሹ ይመስላሉ። የሰሙት ነገር ካልጣማቸው ጣታቸው ቀጥ ይላል። እኔ ሳወራ ብዙ ጊዜ ቀጥ ይል ነበር። ሁለት አባባል ነበራቸው። አንዱ "ስም ያልተጻፈበት ድንጋይ፣ ድንጋይ ብቻ ነው" የሚል ነው። ሌላው ደግሞ "ናሙና ለቸኮለ አይሰጥም" የሚል። ሁለተኛውን ከማንም ይልቅ ለእኔ ይናገሩት ነበር።

የማወራው ነገር የጀመረው በአንድ የሬዲዮ ዜና ነው። እትዬ እልፍነሽ ከሬዲዮ አይለዩም። አንዲት ሰው የሌለባት መንኮራኩር፣ አስትሮይድ ከሚባሉት በፀሐይ ዙሪያ ከሚዞሩ ድንጋዮች ከአንዱ ላይ ናሙና ዘግና ለመመለስ ተተኩሳለች፤ ደርሳ እስክትመለስ ሰባት ዓመት ይፈጅባታል ሲባል ሰሙ። ከሰዓት በኋላ በራችንን አንኳኩ። እኔ የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ይህን ነገር እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። አስቀምጬ ስለ ፀሐይ ስበት፣ ስለ ምህዋር፣ መንኮራኩሯ ድንጋዩን ለመያዝ ስለሚያስፈልጋት ፍጥነት አሥር ደቂቃ ያህል ተናገርኩ። ወረቀት ላይ ሥዕል ሳልኩላቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና አመስግነውኝ ሲያበቁ የመጡበትን ነገር አወጡት።

"እኔ የማላውቀው ምን ውስጥ እንደሚከቱት ነው" አሉ። "መንገድ ላይ ከሌላ ነገር ጋር እንዳይነካካ በምን ያሽጉታል? ሲመጣስ የሚቀበለው ማነው?"

አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ አስቤም አላውቅ። አጣራለሁ አልኳቸው፤ አላጣራሁም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ የነበረው አባቴ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

አባቴ ደምሴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ጌጃ ሰፈር ከነበረው ቤቱ እኔ ዘንድ አመጣሁት። ጉልበቱን ያመዋል፤ ዝምተኛ ነው። እኔና እሱ የምናወራው ስለ መድኃኒቱና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ ነበር። ዲግሪዬን ስይዝ ከሰው ሁሉ ይልቅ እሱ እንዲኮራብኝ ነበር የፈለግሁት። ግን ምን እንደማስተምር፣ ይህ ፊዚክስ የሚባለው ምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ቢያንስ እኔ እንደማስታውሰው አያውቅም።

ከዚያ ዜና በኋላ ግን አባቴ ከሰዓት ከሰዓት እየወጣ እትዬ እልፍነሽ በር ላይ መቀመጥ ጀመረ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ያወጣሉ። እሳቸው ከሬዲዮ የሰሙትን፣ ሰናይት ከስልኳ ያነበበችላቸውን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ በቀን በቀኑ ይጽፋሉ። አባቴ ያዳምጣል፤ ይጠይቃል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ እያለሁ ድምፁ ይሰማኛል። አባቴ ሲያወራ! ለእናቴ እንኳ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ብቅ ስል ጨዋታው ይቆማል፤ ሰላም ብዬ አልፋለሁ፤ በሩን ስዘጋ እንደገና ይቀጥላል። ከበሩ ጀርባ ቆሜ የሰማሁበት ቀን ብዙ ነው።

መንኮራኩሯ ድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ያልታሰበ ነገር ገጠማት። ባለሙያዎቹ ለስላሳ አሸዋማ ሜዳ ጠብቀው ነበር፤ ፎቶው ሲመጣ ግን ምድሩ ሁሉ ቋጥኝ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እጇን ዘርግታ የምትዘግንበት ቦታ ጠፍቶ ከአንድ ዓመት በላይ ስትዞረው ቆየች። ሰዉ ይህን መዘግየት እንደ ውድቀት ሲያወራ አባቴ አልገረመውም። ተጎታች ይዞ ጠባብ ግቢ የሚገባ ሾፌር መጀመሪያ ወርዶ በእግሩ ዞሮ እንደሚያይ፣ ሳያይ የገባ ሁሉ ግድግዳ ይዞ እንደሚወጣ ለእትዬ እልፍነሽ አስረዳቸው። እሳቸው ይህን ደብተራቸው ላይ ጻፉት። "ጋሽ ደምሴ እንዳሉት" ብለው ነው የጻፉት። እኔ ያልኳቸው ነገር በዚያ ደብተር ላይ ሰፍሮ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተሳስተው እንዳገኛቸው መጠበቅ ጀመርኩ። በትርፍ ጊዜዬ መምህራን ክፍል ተቀምጬ ስለ መንኮራኩሯ ማንበብ ያዝኩ። ዕውቀት ፈልጌ አልነበረም፤ ስህተት ፈልጌ ነው። አገኘሁም። እትዬ እልፍነሽ መንኮራኩሯ ድንጋዩ ላይ እንደምታርፍ ይናገሩ ነበር፤ እሷ ግን በክንዷ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነክታ ነው የምትነሣው። አንድ እሑድ ኮሪደሩ ላይ አምስት ስድስት ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያዳምጣቸው ጠብቄ፣ ሁሉም እየሰማ አረምኳቸው። እትዬ እልፍነሽ ደብተራቸውን ገለጡ፤ የጻፉትን ሰረዙ፤ ከሥሩ ትክክለኛውን ጻፉ። "መምህር እንዳረሙት" የሚል አከሉበትና እንዴት ያለ ነገር አስተካከልክልኝ ብለው አመሰገኑኝ። ጎረቤቶቹ እሳቸውን ይበልጥ አከበሩ። እኔ ስሜ በመጨረሻ ደብተሩ ውስጥ ገባ፤ ግን አላስደሰተኝም።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ራት ላይ አባቴ፣ ያ ድንጋይ ስበቱ ትንሽ ስለሆነ ሰው ቆሞበት ቢዘል ተመልሶ አይወድቅም አለ። እኔን እያየ ነበር የተናገረው። ያለው ትክክል ነው። እኔ ግን ከማን እንደሰማው ስለማውቅ፣ እንደ አዘላለሉ ፍጥነት ነው፣ እንዲህ በደፈናው አይባልም አልኩት። እሺ አለና እንጀራውን ጠቀለለ። 

ከዚያ የኮሮና ጊዜ መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እኔም ቤት ዋልኩ። አባቴ ሰባውን አልፏል፤ ደም ግፊትም አለበት። ስለዚህ ጎረቤት ዘንድ መቀመጡን ከለከልኩት። ለጤናው ነው አልኩ። እውነትም ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እውነት መሆኑ ነው። ከጀርባው ሌላ ነገር ባይኖር ኖሮ ግን፣ እሳቸው በራሳቸው በር፣ እሱ በእኛ በር ላይ ሆነው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ከሩቅ ሲነጋገሩ ባልከለከልኩ ነበር። ኮሪደሩ ጠባብ ነው ብዬ ያንንም አስቀረሁት። እትዬ እልፍነሽ አልተከራከሩኝም። ወንበሮቹን አስገቡ።

ወራት አለፉ። ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ እልፍነሽ አንኳኩተው ወደ ደረጃው ሸሽተው ቆመዋል። አፍና አፍንጫቸው ተሸፍኗል፤ ዓይናቸው ግን እንደ ልጅ ዓይን ያበራል።

"መምህር፣ ነካችው" አሉኝ። "አሁን በሬዲዮ ሰማሁ። ጋሽ ደምሴን ከዚሁ ሆኜ ልንገራቸው፣ ጥራልኝ።"

"ተኝቷል" አልኳቸው።

ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ወደ ቤት ውስጥ ሄደ። ከዚያ ሲነሣ የምነግረውን ነገሩኝ። በክንዷ ድንጋዩን ስትነካ እንደ ጠነከረ ምድር አልመለሳትም፤ እንደ ላላ አፈር ሆኖ ወደ ውስጥ ገባላት፤ የያዘችውን ጋዝ ተፍታ አፈሩን አስነሥታ፣ ዘግና ተነሣች። ቋጥኝ የመሰለው ሁሉ ልል ኖሯል በለው አሉኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ።

ዘወር ስል አባቴ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ኮቱን ለብሷል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

"አልተኛሁም ነበር" አለኝ።

 ተመልሶ ገባ፤ ኮቱን ሲሰቅል የመስቀያው ድምፅ ተሰማኝ። የተባልኩትን መልእክት አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌላ ወሬ ተሰማ። መንኮራኩሯ ከመጠን በላይ ስለ ዘገነች ክዳኑን ድንጋይ ይዞት አልገጥም ብሏል፤ ናሙናው እየተንጠባጠበ ወደ ጠፈር እየተበተነ ነው ተባለ። እትዬ እልፍነሽ እህል አልቀመሱም ብላ ሰናይት ለባለቤቴ ነገረቻት። አባቴም ከክፍሉ ሆኖ ሬዲዮውን ሰምቶ ኖሯል፤ ጠራኝና "ይዘጉት ይሆን?" አለኝ።

በስንት ዘመን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት የታየኝ ጥያቄው የማን እንደሆነ ብቻ ነው። "ወይዘሮ እልፍነሽን ብትጠይቅ አይሻልም?" አልኩት፤ በሩን የዘጋሁበት እኔው መሆኔን እያወቅሁ። ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። ክዳኑ በኋላ ተዘጋ፤ ናሙናው ተረፈ። ይህንንም ከሬዲዮ ይስማው አይስማው አላውቅም።

አባቴ በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ሞተ። ደም ግፊቱ ተነሥቶበት ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቶ ነው ያለፈው። በሦስቱም ቀን አጠገቡ ነበርኩ፤ መናገር አይችልም ነበር። እትዬ እልፍነሽ በለቅሶው ሁሉ ቀን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ዋሉ። ስለ መንኮራኩሯ አንድም ቃል አልወጣቸውም። እኔም ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረኝም። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ዓይኔን አሸሽ ነበር።

መንኮራኩሯ እስክትመለስ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም በገባ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ እልፍነሽ በሬን አንኳኩ። ዛሬ ናሙናዋን ጥላ የምታልፍበት ቀን ነው፣ ብቻዬን እንዳላይ ና አሉኝ። ሰናይት ላፕቶፗን ጠረጴዛ ላይ ከፍታ ጠበቀችን። የመኪና ጎማ የምታክል ዕቃ በጃንጥላ ተንጠልጥላ ወረደችና ከአንድ በረሃ ላይ አረፈች። ጠቁራለች፤ ተለብልባለች። ሰዎች ቀስ ብለው ቀረቧት። እኔ ጃንጥላውን ስመለከት እትዬ እልፍነሽ የሰዎቹን እጅ ይመለከታሉ።

"ጓንት አድርገዋል" አሉ፤ ትከሻቸው ላላ።

ሰናይት ላፕቶፑን ዘግታ ወደ ኩሽና ስትገባ አፌ ከእኔ ሳይማከር ተከፈተ። ያን ጠዋት አባቴ አልተኛም ነበር አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ከትከሻህ በላይ ይታዩኝ ነበር። ኮታቸውን ለብሰዋል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"እሳቸው ዝም ሲሉ እኔ ምን ልናገር? ልጃቸው ነህ።"

ያኔ እንባ መጣብኝ። ግን ከለቅሶው በፊት የቆየው ቅሬታ ቀደመኝ። አባቴ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን መምረጡ ምን ያህል እንዳቃጠለኝ ነገርኳቸው። አንድ ቀን እንኳ ሥራዬን ጠይቆኝ አያውቅም አልኳቸው። ጣታቸው ቀጥ አለ።

"ጠይቀውሃል እኮ" አሉኝ።

ከዚያ የሚከተለውን ነገሩኝ። የተመረቅሁ ቀን ጌጃ ሰፈር ቤት ድግስ ነበር። ጓደኞቼ ቤቱን ሞልተውታል። አባቴ አጠገቤ መጥቶ፣ ምድር የምትዞር ከሆነ ማታ ያቆምኳትን መኪና ጠዋት ለምን እዚያው አገኛታለሁ ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። "አባባ፣ አንተ መሪህን ያዝ" አልኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም አብሮ ሳቀ።

"እየሳቁ ነው የነገሩኝ" አሉ እትዬ እልፍነሽ። "አልተቀየሙህም። ግን መጀመሪያ ቀን በሬ ላይ ሲቀመጡ ያሉኝ ምን መሰለህ? ቀስ ብለው ያስረዱኝ፣ ልጄ ፊት እንዳላፍር ነው ያሉኝ። ከእኔ የሰሙትን ማታ ለአንተ ሊነግሩህ ይለማመዱት ነበር።"

ድግሱን አስታውሳለሁ። የለበስኩትን ሱፍ፣ የተነሣነውን ፎቶ አስታውሳለሁ። ጥያቄውን ግን አላስታውስም። እስከ ዛሬ ብፈልገው አላገኘሁትም። አባቴ ሃያ ዓመት ይዞት የኖረውን ነገር እኔ በዚያው ቀን ጥዬዋለሁ። የራት ላዩ ነገር ትዝ አለኝ፤ እኔን እያየ ስለ መዝለል የተናገረው። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ያዘንኩት ለአባቴ ነው። ሌሊቱን ግን ሌላ ነገር ነው የተሰማኝ፦ ይህን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው መናገሩ። አባቴን እሳቸው ያውቁታል፤ እኔ ቀብሬዋለሁ።

ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ እትዬ እልፍነሽ ዘንድ መሄድ አላቆምኩም። የሚያገናኘን ነገርም ተገኘ፤ ናሙናው መጥቶ አልከፈት አለ። ዋናው አፈር ያለበትን ዕቃ የያዙ ሁለት ብሎኖች አንፈታ ብለው ሰዎቹን ወራት አስቀመጧቸው። እትዬ እልፍነሽ ይህ ነገር አላናደዳቸውም። ጉልበት ከተጠቀሙ ብረቱ ይላጋል፤ የብረቱ ብናኝ ናሙናው ውስጥ ገባ ማለት ሰባቱ ዓመት ከንቱ ሆነ ማለት ነው ይሉ ነበር። እንዳልቸኮሉ ሲሰሙ በሩቁ አመሰገኗቸው።

እሳቸው ግን እየደከሙ ነበር። ልባቸውን ያማቸዋል፤ እግራቸው ያብጣል። ከአልጋ መውረድ እየተሳናቸው መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ እላለሁ። ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይዤ ልግባ ብዬ አነባለሁ፤ ሁልጊዜ ግን ሬዲዮው ወይም ሰናይት ይቀድሙኛል። እሳቸው እንደነገሩ "ሰምቼዋለሁ" ሲሉኝ ቅር ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ከታመመች ሴት ጋር እሽቅድምድም ገጥሜ ነበር።

ከገና በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ ብሎኖቹ መፈታታቸውን አነበብኩ።  የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ እንደ ጨረስኩ ታክሲ ሳልጠብቅ ትምህርት ቤቴ ካለበት ከአብነት በእግሬ ገሰገስኩ። ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ። እትዬ እልፍነሽ ሁለት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሬዲዮው ጠፍቷል። "ተከፈተ" አልኳቸው።

"እንዴት አድርገው?" አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ዕቃው የተቀመጠው አየር በማይገባው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ስለሆነ እጅ በጓንት ብቻ እንደሚገባ፣ የተፈቀደ መፍቻ ካልሆነ እንደማይገባ፣ ስለዚህ ለሁለት ብሎን ብለው አዲስ መፍቻ መሥራት እንዳስፈለጋቸው ነገርኳቸው። መፍቻው ከምን ብረት ተሠራ አሉኝ። ነገርኳቸው። መጀመሪያ በሌላ ነገር ላይ ሞክረውት ነበር ወይ አሉኝ። አዎ፣ ተለማምደውበታል አልኳቸው። አፈሩ ምን ይመስላል አሉኝ። ጥቁር፣ እንደ ከሰል ነው፤ ጠጠርም አለው አልኳቸው። ወረቀት አውጥቼ ሣጥኑን ሳልኩላቸው። አንዱን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገርኩ፤ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። እንደዚያ ቀን አስተምሬ አላውቅም። ስወጣ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ቀደምኳቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ራቴን በላሁ።

በስምንተኛው ቀን አረፉ።

የሠልስቱ ዕለት ሰዉ ሲበታተን ወንበር በማንሣት ሰናይትን ረዳኋት። እግረ መንገዴን ያን ቀን አነሣሁላት፤ ብሎኖቹ መፈታታቸውን ሳይሰሙ አለመሞታቸው፣ እኔም ደርሼ መንገሬ እንደሚያጽናናኝ ነገርኳት። ሰናይት ወንበሩን እንደያዘች ቆመች። ትንገረኝ አትንገረኝ ስታመነታ አየኋት።

"መምህር፣ ያን ቀን እኮ ጠዋት ከሬዲዮ ሰምተውት ነበር" አለችኝ። "እኔም ከስልኬ እስከ መጨረሻው አንብቤላቸዋለሁ። የእርስዎን እግር ደረጃው ላይ ሲሰሙ ሬዲዮውን አጥፊው፣ አንቺም ምንም እንዳትናገሪ አሉኝ።"

 የጠየቁኝን ጥያቄ አንድ በአንድ አሰብኩ። መልሱን እያወቁ ነው የጠየቁኝ፤ እያወቁ ነው ያስደገሙኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር የማውቀውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ እንደ አዲስ ሰምቼ አላውቅም፤ ከተማሪም፣ ከአባቴም። እሳቸው ይህን መቻላቸው ከቀብሩ ለቅሶ ሁሉ ይልቅ አስቀናኝ።

ከወጣሁ በኋላ ምን እንዳሉ ጠየቅኋት።

"ደህና አድርጎ አስረዳኝ አሉ" አለችኝ ሰናይት። "ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ምነው አባቱ በሰሙት አሉ።"